ሃሉሲኔሽን ምንድን ነው? ለቻፕተር ቱ ኤአይ ከመምረጥ በፊት

የእህቴ ልጅ ማስተርሷን እየጨረሰች ነው። ስድስት ኪሎ ቡና እየጠጣን «ጋሼ፣ ለሪሰርች የሚሻለው የትኛው ኤአይ ነው?» አለችኝ። ከመመለሴ በፊት የመመረቂያ ጽሑፏን ቻፕተር ቱ፣ የቀደሙ ጥናቶች የሚዳሰሱበትን ምዕራፍ፣ አሳየችኝ። አንዱ ሪፈረንስ ጠፍቶባታል። ኬኔዲ ላይብረሪ ድረስ ሄዳ ፈልጋለች። መጽሔቱ አለ። ቅጹ አለ። ገጹም አለ፤ ገጹ ላይ ያለው ግን ሌላ ሰው ስለ ሌላ ጉዳይ የጻፈው ነው። ኤአዩ የጠቀሰላትን ጽሑፍ ጭራሽ ማንም አልጻፈውም።

ሃሉሲኔሽን የሚሉት ይህንን ነው። በአማርኛ ቅዠት ይሉታል፤ እኔን ግን አይዋጥልኝም። የሚቃዥ ሰው ቢያንስ ያልበዋል፣ ይጮኻል። ይኼ ረጋ ብሎ፣ ዓመተ ምሕረቱን ሳይቀር ጨምሮ ነው የሚፈጥረው።

ቻት ጂፒቲን የመሰሉ ሞዴሎች ውስጥ የመጻሕፍት መደርደሪያ የለም። ከብዙ ጽሑፍ የቃላትን አካሄድ ተምረው ቀጥሎ የሚመጣውን ይገምታሉ። ሪፈረንስ ደግሞ መልኩ የታወቀ ነው፦ ስም፣ ዓመት፣ ርዕስ፣ መጽሔት፣ ገጽ። ቅርጹን መሙላት አይከብዳቸውም። ብዙ በተጻፈበት ርዕስ ላይ ግምቱ አብዛኛውን ጊዜ ይገጥማል። ስለ መርካቶ ነጋዴዎች እቁብ፣ ያውም በአማርኛ ስትጠይቁ ግን ኢንተርኔት ላይ ያለው ጽሑፍ ጥቂት ነው፤ ክፍተቱን ግምት ይሞላዋል።

«እውነትህን ነው?» ብሎ መልሶ መጠየቅም አያድንም። እ.ኤ.አ. በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ ጠበቆች ቻት ጂፒቲ የፈጠራቸውን የፍርድ ቤት ውሳኔዎች አቅርበው 5,000 ዶላር ተቀጡ። አንዱ ጠበቃ ውሳኔው እውነተኛ መሆኑን ጠይቆት ነበር። አዎ አለው።

ስለዚህ እኔ መሣሪያ ስመርጥ የማየው አንድ ነገር ነው፦ መልሱን ከየት ነው የሚያመጣው? የጎግሉ ኖትቡክ ኤልኤም ከጫናችሁለት ፋይል ይመልሳል፤ ከየትኛው ክፍል እንደወሰደውም ያሳያል። ለፈተና ሃንድአውት ለማጥናት እሱን እመርጣለሁ። ኤሊሲትና ኮንሰንሰስ የሚባሉት መልሱን ከታተሙ ጥናቶች ውስጥ ፈልገው ያመጣሉ። ፐርፕሌክሲቲ ድረ ገጽ ያስሳል፤ የሚያመጣላችሁ የማንም ብሎግ ሊሆን ይችላል። ቻት ጂፒቲም አሁን ኢንተርኔት ላይ ገብቶ ሲፈልግ ሊንክ ያሳያል። ያለ ሊንክ የደረደረውን ሪፈረንስ ግን ግምት ነው ብላችሁ ያዙት።

ምንጭ የሚያሳዩትም ቢሆኑ ይሳሳታሉ። ጽሑፉ እውነተኛ ሆኖ ያላለውን አለ ይሉላችኋል፤ ከፍቶ ማንበብ ግድ ነው። ደግሞ ኦንላይን ያልወጣውን አያዩም። በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ላይብረሪ፣ እዚያው ስድስት ኪሎ፣ በታይፕራይተር የተመቱ የድሮ መመረቂያ ጽሑፎች አሉ። ለእነሱ እስካሁን ከእግር የተሻለ መሣሪያ አልተገኘም።

የእህቴ ልጅ ያን ማታ የቀሩትን 41 ሪፈረንሶች ርዕሳቸውን አንድ በአንድ ጎግል ስኮላር (የጎግል የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያ) ላይ እያስገባች ስታጣራ አመሸች። ሦስት ተጨማሪ ወደቁ።