ቱርቦ ላግ ምንድን ነው? እንዴትስ ይቀንሳል?

ከኩርባ እየወጣህ ነው እንበል፣ ሁለተኛ ማርሽ ላይ። ነዳጁን እስከ ወለሉ ትረግጠዋለህ። የሞተሩ ድምፅ ትንሽ ከፍ ይላል፣ መኪናው ግን ገና ነው። ከዚያ ድንገት ጀርባህ ወንበሩ ላይ ይጣበቃል። በመርገጥህና በመወርወርህ መካከል ያለችው ያቺ ባዶ ጊዜ ናት ቱርቦ ላግ የምትባለው።

ቱርቦ በአንድ ዘንግ የተያያዙ ሁለት ትንንሽ ቬንቲሌተር መሳይ ነገሮች ናቸው። ቱርባይኑን ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ያሽከረክረዋል፤ ኮምፕሬሰሩ ደግሞ በዚያው ዘንግ እየዞረ አየር አምቆ ወደ ሲሊንደሮቹ ይልካል። ብዙ አየር ከገባ ብዙ ነዳጅ ማቃጠል ይቻላል፣ ጉልበቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። ሐሳቡ የቆየ ነው፣ ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡሂ እ.ኤ.አ. በ1905 ፓተንት አስመዝግቦበታል። ጣጣው ዘንጉ ሙሉ ግፊት ለመስጠት በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ መዞር ስላለበት ነው። እዚያ ለመድረስ ብዙ ጭስ ይፈልጋል፣ ብዙ ጭስ እንዲኖር ብዙ አየር መግባት አለበት፣ አየሩን የሚያመጣው ደግሞ ያው ቱርቦው ራሱ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ቀስ በቀስ እየተሳሳቡ ነው የሚነሱት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያደባልቀው ነገር አለ። አምስተኛ ማርሽ ላይ ሆነህ ሞተሩ በ1,500 ዙር እያዘገመ ብትረግጠውና ምንም ባይመጣ፣ ያ ላግ አይደለም። በዚያ ዙር የሚወጣው ጭስ ቱርቦውን ለማስነሳት አይበቃም፣ ጭሱ መብቃት የሚጀምርበት ዙር ቡስት ትሬሾልድ ይባላል፣ መድኃኒቱም ማርሽ መቀነስ ነው። ላግ የሚባለው ዙሩ በቂ ሆኖ ሳለ የሚመጣው መዘግየት ነው። ይህን ሳይለዩ ዕቃ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ነገሩ የምቾት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልህ። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው ፖርሽ 911 ቱርቦ ባለ 3 ሊትር ሞተርና ባለ አንድ ትልቅ ቱርቦ ነበር፣ 260 የፈረስ ጉልበት፣ ሞተሩም ከኋላ ጎማዎቹ ወዲያ። ሹፌሩ ኩርባ ውስጥ ነዳጅ ይሰጠዋል፣ ምንም የለም፣ ይጨምርለታል፣ ከዚያ ያ ሁሉ ጉልበት ኩርባው ሳያልቅ በአንዴ ይመጣና የኋላ ጎማው ይንሸራተታል፤ ደንግጦ እግሩን ሲያነሳ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ የኋላው ጭራሽ ይቀልና መኪናው ይዞራል።

ታዲያ እንዴት ይቀንሳል? ቀላሉ መንገድ ትንሽ ቱርቦ ነው፤ ቀላል ስለሆነ ቶሎ ይነሳል፣ ከፍ ባለ ዙር ላይ ግን ጭሱን ማሳለፍ ያቅተዋል። እኔ በመንገድ ለሚነዳ መኪና ትንሹን እመርጣለሁ፣ ከላይ የምታጣውን ጉልበት በየቀኑ አትጠቀምበትማ።

ከሁሉም የምወደው ግን ትዊን ስክሮል የሚባለውን ነው። አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር አብዛኛውን ጊዜ 1፣ 3፣ 4፣ 2 እያለ ነው ነዳጁን በየተራ የሚያቃጥለው። አንደኛው ሲሊንደር ጭሱን ጨርሶ ሳያወጣ ሦስተኛው የጭስ መውጫውን ይከፍትና የእሱ ጭስ በኃይል ይመጣል። ሁሉም በአንድ ቧንቧ ከሄዱ ይህ ጭስ ወደ አንደኛው ተመልሶ ይገፋል፣ ቱርባይኑን ሊመታ የሚገባው ኃይልም እዚያው ይባክናል። ስለዚህ 1ን ከ4፣ 2ን ከ3 አጣምረው በሁለት የተለያየ መንገድ እስከ ቱርባይኑ ያደርሷቸዋል። ምንም የሚንቀሳቀስ ዕቃ ሳይጨመር እያንዳንዱ ምት ሳይደናቀፍ ይደርሳል።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው 911 ቱርቦ ጭሱ ወደ ቱርባይኑ የሚገባበትን መንገድ እንደ ሞተሩ ዙር የሚያጠቡና የሚያሰፉ ክንፎች ነበሩት። የራሊ መኪኖች ነዳጅና አየር ጭስ መውጫው ውስጥ እያቃጠሉ ቱርቦውን እንደዞረ ያቆዩታል፣ ያ እንደ ጥይት የሚንጣጣው ድምፅ እሱ ነው፣ የቱርቦውን ዕድሜ ግን ክፉኛ ያሳጥረዋል። አሁን ደግሞ ዘንጉ ላይ የኤሌክትሪክ ሞተር መግጠም ተጀምሯል፤ የእ.ኤ.አ. 2022ቱ መርሴዲስ ኤኤምጂ ሲ43 እንዲህ ነው፣ ጭሱ እስኪበረታ ኤሌክትሪኩ ያሽከረክረዋል።

ያለህ መኪና ላይ ከሆነ ጥያቄህ፣ ከምንም በፊት ከኮምፕሬሰሩ እስከ ሞተሩ ያለውን የአየር መንገድ አስፈትሽ። ድሮ ያልነበረ መዘግየት አሁን ከመጣ ብዙ ጊዜ አየር እያመለጠ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ መስመሩ ውስጥ በልኩ አየር ይሞላና መጋጠሚያዎቹ ላይ የሳሙና ውኃ ይቀባል። አረፋ ካወጣ፣ ቱርቦውን ከመክሰስህ በፊት እሱን የጎማ ቱቦ ቀይረው።