ስሙ የኩባንያው፣ ሰፈሩ የባለቤቱ፦ አነስተኛ ፍራንቻይዞችና ማኅበራዊ ኃላፊነት በአሜሪካ

አሜሪካ ውስጥ ትልቅ ስም ከለጠፉት ሱቆችና ምግብ ቤቶች ብዙዎቹ የትልቁ ኩባንያ አይደሉም። የሚያስተዳድራቸው የኩባንያውን ስም በውል የተዋሰ ባለቤት ነው፤ ከእነዚህ ባለቤቶች ብዙዎቹ የያዙት አንድ ወይም ሁለት ቅርንጫፍ ነው። ፍራንቻይዝ የሚባለው ይህ ነው። ባለቤቱ የመግቢያ ክፍያ ይከፍላል። ከዚያ በኋላ ለስሙ አጠቃቀም ከሽያጩ ሮያሊቲ የሚባል ድርሻ ያወጣል፣ ለጋራ ማስታወቂያም ያዋጣል። ማክዶናልድስ ለማስታወቂያ ብቻ ቢያንስ የሽያጩን 4 በመቶ ይጠይቃል። ሮያሊቲውም ለአዳዲስ ሱቆች ከ2024 ጀምሮ ከ4 ወደ 5 በመቶ ከፍ ብሏል (ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የቤት ኪራዩ ገና አልተነሳም።

ይህ ሁሉ ወጥቶ በቀረው ላይ ነው የሰፈሩ ሰው የሚመጣው። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ይመጣል፣ የሕፃናት ቡድን አሠልጣኝ ይመጣል፣ የቤተ ክርስቲያን ኮሚቴ ይመጣል። ገንዘቡ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ከባለቤቱ ኪስ ነው። ምስጋናው ግን ከበሩ በላይ ለተሰቀለው ስም ይሄዳል።

ከሰፈር ተነስቶ ዓለምን ካዳረሰ ሥራ ዋናው የፊላደልፊያው ነው። ፍሬድ ሂል የፊላደልፊያ ኢግልስ የተባለው የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ተጫዋች ነበር። ትንሽ ልጁ በሉኪሚያ (የደም ካንሰር) ስትያዝ ሆስፒታል ውስጥ ወንበር ላይ ማደር ምን እንደሆነ አየ። ከሩቅ የመጡ ወላጆች መተኛ አልነበራቸውም። የሕፃናት ካንሰር ሐኪሟ ኦድሪ ኢቫንስ ደግሞ ለእነዚህ ቤተሰቦች ማረፊያ ቤት ትፈልግ ነበር። የአካባቢው የማክዶናልድስ ባለቤቶች ሻምሮክ ሼክ የሚባለውን አረንጓዴ የወተት መጠጥ ሸጠው ገቢውን ሰጡ። የመጀመሪያው የሮናልድ ማክዶናልድ ቤት በጥቅምት 1974 ተከፈተ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ከ350 በላይ እንዲህ ያሉ ቤቶች አሉ። ልብ በሉ፣ ነገሩ ከዋናው መሥሪያ ቤት በወረደ መመሪያ አልተጀመረም።

ሰፈሩ ራሱ ኃላፊነቱን የጠየቀበት ጊዜም አለ። ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1968 ከተገደለ በኋላ፣ በጥቁሮች ሰፈር እየሸጡ ትርፉን ሌላ ሰፈር የሚያውሉ ነጭ ባለቤቶች ላይ ቁጣ በረታ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኸርማን ፔቲ ቺካጎ ውስጥ የመጀመሪያው ጥቁር የማክዶናልድስ ባለቤት ሆነ። በ1969 ደግሞ የክሊቭላንድ ምሥራቃዊ ሰፈር ነዋሪዎች ሱቆቹን አድማ መቱባቸው። ጥያቄያቸው እርዳታ አልነበረም፤ ባለቤትነት ነበር። ሱቆቹም በመጨረሻ ለጥቁር ባለቤቶች ተላለፉ። እኔ ስለ ማኅበራዊ ኃላፊነት ከሚነገረው ሁሉ ይህኛውን አስበልጣለሁ፤ ለሰፈሩ ቲሸርት ከመግዛት ይልቅ የሰፈሩን ሰው ባለቤት ማድረግ ሥር ይነካል።

የዛሬው የተለመደ አሠራር ቀለል ያለ ነው። ለቡድን ማሊያ መግዛት አለ፣ ሂሳብ ሲከፈል ሳንቲሙን ወደ ሙሉ ዶላር አሟልቶ ለበጎ አድራጎት መተው አለ። የትንንሽ ሱቆች ሰንሰለቱ ሰቨን ኢለቨን በ1995 ፊላደልፊያ ላይ የጀመረው ነገር ደስ ይላል። ፖሊሱ የብስክሌት ቆብ አድርጎ የሚነዳ ልጅ ሲያይ ያስቆመዋል፤ ልጁ ደንግጦ ሲቆም ስለርፒ የሚባለውን በረዷማ መጠጥ በነፃ የሚያስገኝ ኩፖን ይሰጠዋል። የትምህርት ቤት ምሽት የሚባለው ግን ያወዛግባል። መምህራን ከባንኮኒው ጀርባ ቆመው ይሸጣሉ፣ ከሽያጩ ጥቂቱ ለትምህርት ቤቱ ይመለሳል። በ2015 በርካታ የመምህራን ማኅበራት ማክዶናልድስ ይህን እንዲያቆም ጠይቀዋል። አስተማሪ ለተማሪዎቹ በርገር አሻሻጭ መሆን የለበትም ነው ነገሩ። እውነታቸውን ነው።

የተረፈ ምግብ መስጠትን ብዙዎች ይፈሩታል፤ «ሰው ቢታመምብኝስ?» ይላሉ። ግን ከ1996 ጀምሮ በቅን ልቦና ምግብ የሚለግስን ሰው ከክስ የሚጠብቅ የፌዴራል ሕግ አለ። ከባድ ቸልተኝነት ከሌለ ሰጪው አይጠየቅም። ግብር ላይም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ደንበኛ የተወው ሳንቲም የደንበኛው ልገሳ ስለሆነ ባለሱቁ በራሱ ስም ሊያስቀንሰው አይችልም። የሱቁ ስም የተጻፈበት የቡድን ማሊያ ግን ብዙ ጊዜ እንደ ማስታወቂያ ወጪ ይያዛል።

ደግሞ ሠራተኞቹ አሉ። ደመወዝ የሚከፍለውና ፈረቃ የሚያወጣው ባለቤቱ ነው። ካሊፎርኒያ ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ከ60 ያላነሰ ቅርንጫፍ ባላቸው የፈጣን ምግብ ሰንሰለቶች ዝቅተኛውን የሰዓት ክፍያ 20 ዶላር አድርጋለች። ሕጉ የሚቆጥረው የሰንሰለቱን ቅርንጫፎች ስለሆነ አንድ ሱቅ ብቻ ያለውም ይከፍላል። ብዙ ባለቤቶች አማርረዋል፣ ምሬታቸውም ከንቱ አይደለም። ሆኖም የአንድ ሰፈር ሱቅ ከሰፈሩ ሰው ጋር ያለው ትልቁ ግንኙነት ደመወዝ ነው። የሠራተኞቹን ፈረቃ እያምታታ እያስለቀሰ ማሊያ የሚገዛ ባለሱቅ ማንንም አያታልልም።

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ሰቨን ኢለቨን ከያዙት ውስጥ ሐበሾች አሉ። እድር፣ እቁብና የቤተ ክርስቲያን መዋጮ እያዩ ላደጉ ሰዎች መስጠት አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር ፈቃዱ ነው። በ1984 የተመሠረተው በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በየዓመቱ ሐምሌ መግቢያ አካባቢ በሚያዘጋጀው የእግር ኳስ ውድድር ባለሱቁ አንድ ቡድን ልደግፍ ቢል፣ የኩባንያውን ዓርማ ማሊያው ላይ ለማተም አስቀድሞ ማስፈቀድ አለበት። አብዛኞቹ ውሎች ዓርማው የሚወጣበትን ማስታወቂያ ሁሉ ያለ ፈቃድ ይከለክላሉ።

ስለዚህ ውሉን ቀድሞ ማንበብ ነው። የፌዴራሉ ደንብ ስሙን የሚሰጠው ኩባንያ 23 ክፍሎች ያሉትን የመረጃ ሰነድ ከፊርማ በፊት ቢያንስ 14 ቀን ቀደም ብሎ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ለማስታወቂያ የሚወጣው መዋጮና የዓርማ አጠቃቀሙ እዚያ ውስጥ አለ። ውሉ ሲያልቅ ምን እንደሚሆንም አለ፤ ብዙዎቹ ውሎች ባለቤቱ እዚያው አካባቢ ተመሳሳይ ንግድ እንዳይከፍት ለተወሰነ ጊዜ ያግዱታል። ይህን ያወቁ አንዳንድ ባለቤቶች፣ መልካም ስማቸው ከውሉ ጋር እንዳያልቅ፣ ልገሳቸውን ራሳቸው ባስመዘገቡት ድርጅት ስም ይሰጣሉ።