የልጆች ማቆያ ክፍያ ለምን ይጨምራል?

ከልጃችሁ ማቆያ «ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ክፍያ ጨምሯል» የሚል ወረቀት ሲደርሳችሁ ብትናደዱ አይፈረድባችሁም። ግን ብሩ የት እንደሚገባ ማወቁ ይጠቅማል።

ከምትከፍሉት አብዛኛው የሚሄደው ለሞግዚቶች ደመወዝ ነው። አንድ ሞግዚት ላይ ደግሞ ብዙ ሕፃን መጫን አይቻልም፤ ገና መራመድ ያልጀመሩት ክፍል ውስጥ የአንዱን ዳይፐር እየቀየረች ሌላው ያለቅሳል፣ ሦስተኛው ጡጦ ይፈልጋል፣ ስለዚህ የምትይዘው ጥቂት ልጆችን ብቻ ነው፣ ደመወዟም የሚሸፈነው በእነዚያው ጥቂት ወላጆች ነው። የጨቅላዎች ክፍያ ከትልልቆቹ የሚበልጠው፣ ትንሽ የደመወዝ ጭማሪም ቶሎ የሚሰማችሁ ለዚህ ነው።

ልጁ ታሞ ቤት ሲውልስ? በአብዛኛው የምትከፍሉት ለተያዘለት ቦታ እንጂ ለዋለበት ቀን አይደለም። እሱ ቢቀርም ሞግዚቷ ትከፈላለች፣ ኪራዩም አይቀርም።

ያም ሆኖ ዝም ብላችሁ አትቀበሉ። ውላችሁን አውጡና ጭማሪው ከስንት ቀን በፊት መነገር እንዳለበት እዩ። ምግቡ ውስጡ አለ ወይስ ለብቻው ነው? አርፍዶ መውሰድ ያስቀጣል? ልጁ ወደ ትልልቆቹ ክፍል ሲያልፍ ክፍያው ይቀንሳል? ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።