የወንዝ ዳር ከለላ ምንድን ነው?

ጎጃም ውስጥ «ድንበር ገፊ» መባል ቀላል ስድብ አይደለም። በሁለት ማሳ መካከል የተተወችውን የሣር መስመር በየዓመቱ አንድ አንድ ትልም እየቆረሰ የሚያርስ ሰው ውሎ አድሮ ሽማግሌ ፊት መቆሙ አይቀርም። ወንዝ ግን ሽማግሌ አይልክም። በግልገል አባይና በገባሮቹ ዳር ትልሙ ከውኃው አፋፍ ቢደርስ የሚከስ የለም።

የወንዝ ዳር ከለላ ማለት እንግዲህ ለወንዙ የሚተው ድንበር ነው። በማሳውና በውኃው መካከል የማይታረስ፣ ማዳበሪያ የማይበተንበት፣ ፀረ-ተባይም ሆነ ፀረ-አረም የማይረጭበት፣ ሣርና ቁጥቋጦ የያዘ መሬት። ባለሙያዎች «በፈር ዞን» ይሉታል።

ጥቅሙን ለማየት ነሐሴ ላይ አንድ የጤፍ ማሳ ዳር መቆም ይበቃል። ገበሬው በጀርባው የሚያዝለውን መርጫ ከወንዙ ይሞላል፤ ቱ ፎር ዲ የሚባለውን ፀረ-አረም በጠርሙሱ ክዳን ለክቶ ይጨምርና ይረጫል። መድኃኒቱ ቅጠለ ሰፊውን አረም ይገድላል፤ ጤፍ የሣር ወገን ስለሆነ ይተርፋል። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲወርድ ከቅጠል ላይ የታጠበውና ከአፈር ጋር የተነሣው ሁሉ ወደ ወንዙ ይጓዛል። መንገዱ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ሣር ካገኘ ጎርፉ ይሰክናል፣ አፈሩና በአፈሩ ላይ የተጣበቀው ኬሚካል እዚያው ይቀራል። በውኃ የሟሟው ደግሞ በከፊል ወደ መሬት ይሰርጋል፤ በሣሩ ሥር ያሉ ጥቃቅን ነፍሳትም ቀስ በቀስ ይሰባብሩታል።

ይህ ሁሉ ለአንድ ክዳን መድኃኒት ነው ወይ የሚል አይጠፋም። የአውሮፓ ኅብረት በመጠጥ ውኃ ውስጥ ለአንድ ዓይነት ፀረ-ተባይ ወይም ፀረ-አረም የፈቀደው ጣሪያ በሊትር 0.1 ማይክሮግራም ነው። በዚህ ስሌት አንድ ግራም ብቻ 10 ሚሊዮን ሊትር ውኃን ከጣሪያው ያደርሳል። እርግጥ ቁጥሩ የእያንዳንዱን ኬሚካል ጉዳት መዝኖ የወጣ አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለቱ ፎር ዲ ያስቀመጠው 30 ማይክሮግራም፣ ማለትም 300 እጥፍ ነው። ቢሆንም መርጫውን ወንዝ ውስጥ አለቅልቆ መድፋት ምን ማለት እንደሆነ በሁለቱም መለኪያ ይገባል።

አሁን ወደ ገበሬው ኪስ እንምጣ፤ ነገሩ የሚከረው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ የኅብረቱን የግብርና ድጎማ የሚቀበል ገበሬ በወንዝ ዳር በመርሕ ደረጃ ቢያንስ 3 ሜትር ያለ ኬሚካልና ያለ ማዳበሪያ መተው አለበት። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ2012 ከዚያ ገፍታ 10 ሜትር አዝዛ ነበር፤ ገበሬዎቿ አምርረው ተቃወሙና ሕጉ እ.ኤ.አ. በ2016 ተሻረ። እኔ በዚያ ክርክር ውስጥ የምታዘበው ሕጉ በሜትር ይጻፋል እንጂ በሜትር አይከፈልም። ጎኑ 500 ሜትር የሆነ የ25 ሄክታር ማሳ በአንድ ጎኑ ወንዝ ቢያዋስነው፣ 10 ሜትር መተው ከመሬቱ 2 በመቶ ይወስዳል። አንድ ቃዳ፣ ማለትም 50 ሜትር በ50 ሜትር የሆነ የሜጫ ገበሬ ማሳ ላይ ግን ያው 10 ሜትር አንድ አምስተኛውን ይበላል። ያውም ያለ ድጎማ።

ከክልከላ ጋር ሲነጻጸር ግን ከለላ የተሻለ ድርድር ይመስለኛል። ዲዲቲንና ኢንዶሰልፋንን የመሳሰሉት፣ ኢትዮጵያም አባል በሆነችበት የስቶክሆልም ስምምነት ለእርሻ እንዳይውሉ የታገዱት፣ በሰውና በእንስሳት አካል የሚከማቹ ስለሆኑ በእነሱ ላይ ድርድር የለም። የአረም መድኃኒት በሙሉ ይቅር ቢባል ግን ጤፉን በእጅ የሚያርመው ቤተሰቡ ነው፤ ጎንበስ ብሎ፣ ጭቃ ውስጥ፣ ወንፈል እየጠራ። ሦስት ሜትር ሣር ከዚያ ይረክሳል። ሣሩም ባዶ መሬት አይደለም፤ ደሾ ወይም ዝሆኔ ሣር ቢተከልበት እየታጨደ ለከብት ይሆናል። ባሕር ዛፍ መትከል ግን ከለላ አይባልም፤ ከሥሩ ሣር እምብዛም አይበቅልምና።

ሁለት ነገሮች ያከሽፉታል። አንደኛው ፈሰስ ነው። ገበሬው ክረምት ላይ ጤፉ ውኃ እንዳይተኛበት በማረሻ የሚያወጣው ፈሰስ ጎርፉን ሰብስቦ እንደ ቱቦ ወንዙ ውስጥ ይከተዋል፤ ሣሩ በግራና በቀኝ ቆሞ ያያል። ስለዚህ ፈሰሱ ከለላው ጫፍ ላይ ሰፋ ተደርጎ መበተን አለበት። ሁለተኛው ልቅ ግጦሽ ነው። አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ የመንደሩ ከብት ሲለቀቅ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ለመለመው ወንዝ ዳር ነው፤ አንድ ገበሬ ብቻውን የተወው ሣርም ጥር ሳያልፍ ተግጦና ተረግጦ ያልቃል። ከለላው የሚተርፈው ጎረቤቶቹም ከብታቸውን ለመያዝ ሲስማሙ ነው፤ ይህ ደግሞ ዞሮ ዞሮ የሽማግሌ ጉዳይ ነው።