በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ላይ «አኒዮኒክ» ማለት ምን ማለት ነው?

ከአውሮፓ በሚመጡ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሾች ጀርባ «አኒዮኒክ ሰርፋክታንት ከ5 እስከ 15 በመቶ፣ ኖንአዮኒክ ከ5 በመቶ በታች» የሚል ጽሑፍ ይታያል። የአውሮፓ ኅብረት የ2004 ደንብ መጠኑ በእንዲህ ዓይነት እርከን እንዲገለጽ ያዛል።

ሰርፋክታንት ቅባትን ከዕቃ የሚያስለቅቀው ንጥረ ነገር ነው። የሞለኪውሉ ረጅም ጭራ ውኃን ሸሽቶ ቅባት ውስጥ ይሰምጣል፤ ጭንቅላቱ ግን ውኃ ይወዳል። ብዙዎቹ ተሰባስበው ጭራቸውን ወደ ውስጥ ሲያዞሩ ማይሴል የሚባል እጅግ ጥቃቅን ድቡልቡል ይሠራሉ፤ የወጥ ቅባት እዚያ ውስጥ ታፍኖ ከውኃው ጋር ይሄዳል። አኒዮኒክ የሚባለው ጭንቅላቱ ኔጌቲቭ የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) የተሸከመው ነው፤ ኖንአዮኒክ ሙል ስለሌለው ማዕድን በበዛበት (ጠጣር) ውኃ ውስጥ ያሉት ካልሲየምና ማግኒዚየም ብዙም አያውኩትም።

ገዢዎችን በጣም የሚያሳስተው ግን ውፍረቱ ነው፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ብዙ አምራቾች ፈሳሹን የሚያወፍሩት በተራ የገበታ ጨው ነው። ጨው በአኒዮኒክ ጭንቅላቶች መካከል ያለውን መገፋፋት ስለሚያዳክም ድቡልቡሎቹ ማይሴሎች ይረዝማሉ፣ እርስ በርስም ይጠላለፋሉ፤ ፈሳሹም እንደ ማር ይዝለገለጋል። ጨው ከልኩ ካለፈ ደግሞ ተመልሶ ይቀጥናል። ስለዚህ ወፍራም ፈሳሽ ሁሉ ብዙ ሰርፋክታንት አለው ማለት አይደለም። የአረፋ ብዛትም የማጽዳት ኃይል መለኪያ አይሆንም። ሁለት ጠርሙሶችን ስታወዳድሩ የሰርፋክታንቱን መቶኛ አንብቡ።