ወተት፣ ወረንጦና እርሳስ፦ የከባድ ብረቶች መመረዝ ሕክምና ከወሎ ሲታይ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ብየዳና ባትሪ የሚሠራ ሰው አንድ ምክር አያጣም፦ «ወተት ጠጣበት»። ወተት ምግብ ነው፤ ማን ይጠላዋል? በሥራው ደም ውስጥ የገባ እርሳስን (መርዛማውን ከባድ ብረት ማለቴ ነው) ግን አያወጣም። ያንን የሚሠሩት ኬሌተር የሚባሉ መድኃኒቶች ናቸው። ስማቸው የመጣው የሸርጣን ጥፍር ከሚል የግሪክ ቃል ነው። እኛ ወረንጦ ብንላቸው ይቀለናል። ብረቱን እንደ እሾህ ቆንጥጠው ይይዙታል፤ ከዚያ በሽንት ይወጣል።

የመጀመሪያው ወረንጦ የጦርነት ልጅ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኦክስፎርድ ላይ ሩዶልፍ ፒተርስና ባልደረቦቹ አርሰኒክ የሚባል መርዛማ ንጥረ ነገር ላለበት ሉዊሳይት ለተባለ የጦር መርዝ ማርከሻ ሲፈልጉ ዳይመርካፕሮልን አገኙ። የሚዘጋጀው በለውዝ ዘይት ነው። ጡንቻ ውስጥ ጠልቆ ይወጋል፤ ሕመሙ አይጣል ነው። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ. ነው የምቆጥረው) ለእርሳስ ኢዲቲኤ የተባለ ሌላ ወረንጦ መጣ። እሱም ካልሲየም ያለበትና የሌለበት አለው፤ ስማቸው ይመሳሰላል። የሌለበት በስህተት ከተሰጠ የሰውየውን የደም ካልሲየም ጠራርጎ ይገድላል። ገድሎም ያውቃል።

ሳክሲመር የተባለውን በአፍ የሚዋጥ ወረንጦ አሜሪካ ለሕፃናት የፈቀደችው በ1991 ነው። ናይጄሪያ ዛምፋራ ውስጥ በ2010 ወርቅም እርሳስም ያለበት ድንጋይ በየግቢው ሲፈጭ የእርሳሱ ብናኝ ከ400 በላይ ሕፃናትን ጨረሰ፤ የተረፉት በዚሁ መድኃኒት ታከሙ። ግን መንደሩ ሳይጸዳ አይሆንም ነበር፤ ታክሞ አቧራው ላይ የሚጫወት ልጅ መልሶ ይመረዛል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2021 መመሪያው በመጀመሪያ ምንጩን አግኝታችሁ አስወግዱ ይላል። በአንድ ዴሲሊትር ደም 45 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ እርሳስ ያለበት ልጅ ደግሞ ወረንጦው ይገባዋል። ከዚያ በታች በሆኑ ልጆች ላይ ሳክሲመር ተሞክሮ እርሳሱ ቀነሰ፤ የአእምሮ ጉዳቱ ግን አልተመለሰም።

የኮምቦልቻ ነገር ደግሞ ይለያል። እዚያ ቆዳ ፋብሪካ አለ፤ ቆዳ የሚለፋው ክሮሚየም በሚባል ሌላ ከባድ ብረት ነው፤ የከተማው ወንዞች የሚገቡት ወደ ቦርከና ወንዝ ነው። ለክሮሚየም እስካሁን የሚያስተማምን ወረንጦ የለም። ክሮሚየሙ የሚያዘው፣ ሰው ውስጥ ሳይገባ፣ እዚያው ፋብሪካው ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ውሃው ላይ ኖራ ይጨመርና ብረቱ እንደ አተላ ይዘቅጣል።