ቦርድዎክ ኢምፓየር፦ የመጠጥ ክልከላ ዘመን ድራማ

«ቦርድዎክ ኢምፓየር» አሜሪካ አልኮል በሕግ በከለከለችበት ዘመን፣ በኒው ጀርሲዋ የባሕር ዳርቻ ከተማ አትላንቲክ ሲቲ ላይ የተመሠረተ ተከታታይ የወንጀል ድራማ ነው። የአሜሪካው የቴሌቪዥን ጣቢያ ኤችቢኦ ከ2010 እስከ 2014 ድረስ በ5 ምዕራፎች 56 ክፍሎችን አሳይቷል (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የቴሬንስ ዊንተር ሥራ ሲሆን፣ መነሻው የኔልሰን ጆንሰን የታሪክ መጽሐፍ ነው። የመጀመሪያውን ክፍል ያዘጋጀው ማርቲን ስኮርሴዚ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው በ1920፣ ክልከላው ሊጸና ሰዓታት ሲቀሩት ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ናኪ ቶምፕሰን (ስቲቭ ቡሼሚ) የአካባቢው ገንዘብ ያዥ ነው፤ ወንድሙ ደግሞ ሸሪፍ። ሥልጣኑና ኮንትሮባንዱ በአንድ እጅ መሆናቸው የድራማው አከርካሪ ነው።

ሕጉን በደንብ የማያውቅ ተመልካች ግማሹ ያመልጠዋል። ከ0.5 በመቶ በላይ አልኮል ያለበትን መጠጥ መሥራት፣ መሸጥና ማጓጓዝ ተከለከለ፤ መጠጣት ግን አልተከለከለም። ሐኪም ውስኪ በማዘዣ መስጠት ይችል ነበር፤ ለቅዳሴ የሚሆን ወይን ይፈቀዳል፤ ፋብሪካዎችም ለቀለምና ለመሟሟቻ አልኮል ይገዙ ነበር። ነጋዴው የገባው በእነዚህ ቀዳዳዎች ነው። በባሕር በኩል ደግሞ መጠጥ የጫኑ መርከቦች ከ3 ማይል ወሰን ውጭ መልሕቅ ጥለው ይቆማሉ፤ ፈጣን ጀልባዎች በሌሊት እየተመላለሱ ሣጥኑን ያወርዳሉ። በ1924 ወሰኑ ወደ 12 ማይል ገደማ ሲሰፋ ለትንንሾቹ ጀልባዎች መንገዱ ረዘመባቸው።

የደረሰው ውስኪ እንዳለ አይሸጥም። በድራማው የናኪ የንግድ ሸሪክ የሆነው የቾኪ ዋይት ሰዎች በመጋዘን ውስጥ ውኃና ርካሽ አልኮል እየጨመሩ ያበዙታል፤ ከዚያ በታወቀ ስም ጠርሙስ ሞልተው ያሽጉታል። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። የፋብሪካ አልኮል እንዳይጠጣ ተብሎ ሜታኖል የተባለ መርዛማ አልኮል ይጨመርበት ነበር። ሜታኖል በ65፣ የሚጠጣው ኤታኖል በ78 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚፈላ፣ በተራ ማጣሪያ ሁለቱን ጨርሶ መለየት አይቻልም። የቀረው ሜታኖል በሰውነት ውስጥ ወደ ፎርሚክ አሲድ ተቀይሮ የዓይንን ነርቭ ያጠፋል፤ በዚያ ዘመን ብዙ ሰው ታውሯል፣ ሞቷልም።

የከተማዋን የጣውላ መንገድ በብሩክሊን፣ ግሪንፖይንት ባዶ ቦታ ላይ እንደገና ሠሩት፤ ርዝመቱ 90 ሜትር ገደማ ነው። ባሕሩና ከዚያ የዘለቀው ከተማ በኮምፒውተር የተጨመሩ ናቸው። እውነተኛው መንገድ በ1870 የተነጠፈው እንግዶች አሸዋውን ወደ ሆቴልና ባቡር እንዳያስገቡ ነበር። የመክፈቻውን ምስል ልብ ብሎ ማየት ይገባል፦ ናኪ ባሕሩ ዳር ቆሞ ጠርሙሶች በማዕበል ይመጣሉ፣ ውኃው ጫማውን ይሸፍነዋል፤ ዞሮ ሲሄድ ግን ጫማው ደረቅ ነው።

በድራማው የሚታዩት የወንጀል አለቆች ካፖን፣ ሉቺያኖና ሮትስታይን እውነተኛ ሰዎች ናቸው። ናኪ ግን የእውነተኛው የአትላንቲክ ሲቲ የፖለቲካ አለቃ የኢኖክ ጆንሰን ምስል እንጂ ራሱ አይደለም፤ ስሙ የተቀየረውም ደራሲዎቹ በነፃነት እንዲጽፉ ነው። ቶምፕሰን በ1931 በዚያው መንገድ ላይ በጥይት ይገደላል። ጆንሰን ግን በ1941 በግብር ማጭበርበር ተፈርዶበት 4 ዓመት ገደማ ታሰረ፤ በ1968 በዕድሜው አረፈ።